ፋሲልን በክር፦ ልሳለው ወይስ ልቁጠረው?

ሰሞኑን ሶስት ሰው በተለያየ ቀን አንድ አይነት ነገር ጠየቀኝ፣ አንዷ "ኪሮሽ ልጀምር ወይስ ጥልፍ ይሻለኛል?" አለችኝ፣ ሌላዋ "ሹራብ ይቀላል ይላሉ እውነት ነው?" ምናምን። እኔ ባለሙያ አይደለሁም እኮ፣ ቀን ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ደረሰኝ ስቆርጥ እውላለሁ፣ ማታ ማታ ክር እጎትታለሁ፣ በቃ። ግን ካለፈው ጥምቀት በፊት ጀምሮ አንድ ስዕል፣ ያው የኛኑ የጎንደሩን የፋሲልን ግንብ፣ በአምስት መንገድ ልሰራው ሞክሬ ሶስቱ ተበላሽተውብኛል አንዱ ተሳክቶልኛል አንዱ ደግሞ አሁንም ጭኔ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ የምለው ነገር አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው እማዬ ሳሎን ነው። የእማዬ ሶፋ ላይ ያሉት ዳንቴሎች ከኔ በፊት የተሰሩ ናቸው፣ ነጭ ሆነው መሀላቸው ላይ ጣዎስ ዳር ዳሩን ጽጌረዳ፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ እናንተም ቤት አሉ። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ እንግዳ ሊመጣ ስለነበር ሁሉንም አጥበን ስናሰጣ "እማ፣ ከግንቡ ስር ተቀምጠን ሁሉም ቤት ጣዎስ ብቻ ለምንድነው፣ አንድ ፋሲል እንኳን የለም?" አልኳት። ቀና እንኳን ሳትል "ፋሲልን ማን ቆጠረው?" አለችኝ።

በጊዜው ስቄ አለፍኩት፣ ቆይቶ ነው የገባኝ። ዳንቴል ላይ ማንም ምንም አይስልም። ጣዎሱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከጎረቤት ጎረቤት በቁጥር ነው፣ አንዷ የሌላዋን ዳንቴል ተበድራ ካሬ ካሬውን እየቆጠረች ትገለብጣለች። ሹራብ ላይ ያለ አበባም ቁጥር ነው፣ መሶብ ላይ ያለው ጌጥም ቁጥር ነው፣ ሸማኔው ነጠላ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ጥለትም የድር ክር እየቆጠረ በማንሳት ነው። ጥልፍ ግን ሌላ ነው። ጥልፍ ላይ መጀመሪያ ስዕሉ ጨርቁ ላይ ይሰፍራል ከዛ በክር ይሸፈናል። ስለዚህ "ኪሮሽ ወይስ ጥልፍ" ብላችሁ ስትጠይቁኝ እኔ መልሼ የምጠይቃችሁ "መቁጠር ነው የሚያበሽቅሽ ወይስ ስዕል መገልበጥ?" ብዬ ነው። ክሩ፣ መርፌው፣ ቀለሙ፣ እሱ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

እኔ ቆጠራውን ነው ያስቀደምኩት። ካሬ ካሬ ያለበት የሂሳብ ደብተር ገዝቼ 40 በ40 ካሬ ከለልኩና ግንቡን ሳልኩበት፣ ሙሉ የሚሆነውን ካሬ አጠቆርኩ ክፍት የሚሆነውን ተውኩ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ካሬ ሶስት ዓይን (ዓይን የምለው አንዷን የክር ስፌት ነው) ይበላል መጨረሻ ላይ አንድ መዝጊያ ይጨመራል፣ 40 ካሬ ከሆነ 40 ጊዜ 3 ሲደመር 1፣ 121። ክሩ ቁጥር 10 ጥጥ ነበር፣ ኪሮሹ 1.5 ሚሊ ሜትር (የዳንቴል ክር ላይ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል፣ እኔ ተቃራኒ መስሎኝ አንዴ ቁጥር 40 ገዝቼ ዓይኔን ላጣ ነበር)። ዩቲዩብ አይታችሁ የምትጀምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አሜሪካኖቹ ደብል ክሮሼ የሚሉትን ስፌት እንግሊዞቹ ትሬብል ነው የሚሉት፣ እንግሊዞቹ ደብል ሲሉ አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን ነው፣ አስተማሪዋ የየት አገር ሰው እንደሆነች ሳታዩ ከጀመራችሁ ስራው ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል።

እና ምን ሆነ፣ የግንቡ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ አንድ ከፍ አንድ ዝቅ ያሉት፣ እንዴት አምረው እንደወጡ! ለካሬ የተፈጠሩ ናቸው። በሩም መስኮቱም እሺ። ችግሩ ማማዎቹ ላይ መጣ። ፋሲል ግንብ አራቱም ማዕዘን ላይ ክብ ማማ አለው፣ አናታቸው ድቡልቡል ነው፣ እንቁላል ግንብ የሚሉትም ለዚህ ነው። ድቡልቡል ነገር በካሬ ስትሰሩት ደረጃ ይሆናል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ክብ ይመስላል ቀረብ ስትሉ ግን የሆነ ሰው ማማው ላይ ሊወጣ ደረጃ የሰራ ነው የሚመስለው። ይሄ እንኳን ችግር የለውም፣ የባሰው ስጨርሰው ነው የታየኝ፣ ግንቡ ረዝሟል። ቀጥኗል። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ፋሲል!

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሶስት ቀን ፈጀብኝ፣ በመጨረሻ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። ደብተሩ ላይ ካሬ ካሬ ነው፣ እጄ ላይ ግን አይደለም። 10 ካሬ ወደ ጎን 8 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 10 ካሬ ወደ ላይ ግን 9.2 ይመጣል። 40 በ40ው 32 ሳንቲ በ37 ገደማ ሆኗል ማለት ነው። ይሄ በሰው እጅ ይለያያል፣ ክር ጠበቅ የምታደርግ አለች ላላ የምታደርግ አለች። እንግዲህ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ፣ 10 በ10 ብቻ፣ ሰርታችሁ ለኩና ከዛ ስዕሉን አስተካክላችሁ አስምሩት። እኔ በሂሳቡ 40 በ35 ማድረግ ነበረብኝ። ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ድቡልቡል ክር አይባክንብኝም ነበር።

ሹራብ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው! ያንኑ ደብተር ይዤ በሹራብ መርፌ ስሞክረው ፋሲል ቁጭ አለ፣ ጎንና ጎኑ ሰፋ፣ የጠገበ ሰው መሰለ። የሹራብ ዓይን ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ በኔ ክር 10 ሳንቲ ላይ ወደ ጎን 20 ዓይን ወደ ላይ 28 መስመር ነው የሚገባው፣ ስለዚህ 40 በ40 ስዕል 20 ሳንቲ በ14 ሳንቲ ሆኖ ይወጣል። ስቲች ፊድል የሚባል ዌብሳይት አለ፣ የካሬውን ወርድና ቁመት መርጣችሁ እዛው መሳል ይቻላል፣ ለሹራብ ሰሪ እሱ ይሻላል የሂሳብ ደብተሩ ለዳንቴልና ለመስቀልኛ ጥልፍ (እሱ ጥልፍ ቢሆንም በቁጥር ነው) ይሁን። በዛ ላይ ሹራብ ላይ ሁለት ቀለም መስራት ለጀማሪ ራስ ምታት ነው፣ የማትሰሩበት ክር በጀርባ በኩል እየተጎተተ ይሄዳል፣ ካጠበቃችሁት ጨርቁ ይሸበሸባል ካላላችሁት የልጅ ጣት ይይዛል። እኔ የማደርገው ሹራቡን በአንድ ቀለም እጨርስና ስዕሉን በደንዳና መርፌ የሹራቡን ዓይን እየተከተልኩ ከላይ እሸፍነዋለሁ፣ ያው ማጭበርበር ነው ግን ማንም አይለይም።

ኪሮሽ ለጀማሪ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ስትሳሳቱ ነው። ኪሮሹ ላይ ያለችው ቀለበት አንድ ብቻ ናት፣ አውጥታችሁ እስከ ስህተቱ ድረስ ትጎትታላችሁ ትመልሳላችሁ። ሹራብ ግን መርፌው ላይ የተደረደረው 40 ዓይን ነው፣ አንዱ ካመለጠ እስከ ታች እየተተረተረ ይወርዳል፣ ነፍስ ይወጣል። በአንጻሩ ኪሮሽ ክር ይፈጃል፣ ያንኑ ያህል ስፋት ለመሸፈን ከሹራብ የበለጠ ክር ነው የሚበላው፣ ክር በተወደደበት ጊዜ እሱም ሂሳብ ነው። ደግሞ ገበያ ላይ ሱፍ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አክሪሊክ ስለሆነ ካውያ አታስነኩት፣ የጋለ ካውያ ሲነካው ሙት ይላል፣ ተለጥጦ ይቀራል አይመለስም።

ወደ ጥልፉ እንምጣ፣ እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ጥልፍ ላይ መርፌው ብዙም አይከብድም፣ ሰንሰለትና ሙሌት የሚባሉትን ስፌቶች ከቻላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። የሚከብደው ስዕሉን ከወረቀት ወደ ጨርቅ ማሻገሩ ነው። እኔ መሳል አልችልም፣ እጄ ፈረስ ስል ውሻ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ያልሞከርኩት መንገድ የለም።

መጀመሪያ ካርቦን። ደረሰኝ ቆራጭ አይደለሁ፣ ካርቦን ሞልቶኛል፣ ከቢሮ አንድ ቅጠል ይዤ መጣሁና ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጌ በእስክሪብቶ አስምሬ ስዕሉን አወጣሁት፣ ወለል ብሎ ታየ፣ ደስ አለኝ። ጠልፌ ስጨርስ ዳር ዳሩ ላይ ክሩ ያልሸፈነው ሰማያዊ መስመር ቀረ። ታጠበ። ቀረ። በሎሚ ታሸ፣ ቀረ። የቢሮ ካርቦን ሰም ነገር አለበት ሲታጠብ ይበልጥ ይሰራጫል እንጂ አይለቅም። ለልብስ ተብሎ የሚሰራ ካርቦን አለ፣ ዱቄትነት ያለው በውሃ የሚሄድ፣ እሱን ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ግን የቢሮውን ለደረሰኙ ተዉት። (ፋሲል ቁጥር ሶስት የተበላሸው እንዲህ ነው።)

ከዛ መስኮት። ጠዋት ጸሐይ ስትወጣ ወረቀቱን መስኮቱ መስታወት ላይ በፕላስተር ትለጥፉታላችሁ፣ ጨርቁን ከላይ፣ መስመሩ በጨርቁ ውስጥ ያበራል፣ ተከትላችሁ በእርሳስ ለስለስ አድርጋችሁ መሳል ነው። ነጻ ነው፣ አይሳሳትም፣ ክንድ ግን ያዝላል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደመና ስለሆነ አይሰራም። ነጠላ ላይ ከሆነ መስኮትም አያስፈልግም፣ ነጠላ ስስ ስለሆነ ወረቀቱን ከስር ማድረግ ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ካሉት ትልልቅ ዓይን ካላቸው መላእክት አንዱን ፊት ብቻ ከሆነ፣ ስልካችሁን ብርሃኑን እስከመጨረሻ ከፍታችሁ ጨርቁን ከላይ አድርጋችሁ መሳል ትችላላችሁ። ጣታችሁ ስክሪኑን ሲነካው ፎቶው ይሸሻል፣ እሱን ብቻ ተጠንቀቁ፣ እኔ መልአኩን ግማሹን ትልቅ ግማሹን ትንሽ አድርጌው አውቃለሁ።

እስክሪብቶዎቹስ? ሁለት አይነት አይቻለሁ። አንዷ ውሃ ሲነካት የምትጠፋ ሰማያዊ ናት፣ ጥሩ ናት፣ ግን ሳታጥቡ ከተኮሳችሁት ቀለሙ በሙቀቱ ይጸናል ከዛ በኋላ አይለቅም፣ መጀመሪያ ውሃ ከዛ ካውያ። ሌላዋ ፍሪክሽን የምትባለዋ ናት፣ ተማሪዎች ለጽሑፍ የሚይዟት፣ እሷ በሙቀት ነው የምትጠፋው፣ 60 ዲግሪ ላይ፣ ካውያ ስታሳልፉባት ድርግም። ቀለሟ ግን እዛው ነው ያለው፣ ከዜሮ በታች 10 እና ከዛ በላይ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይመጣል። ጎንደር ላይ የሚያሰጋ ብርድ የለም፣ ካናዳ ላለች ዘመድ ስትልኩ ግን አስቡበት።

አሁን የፎቶ ኮፒውን ልንገራችሁ ምክንያቱም እስካሁን ቤተሰብ የሚስቅብኝ በሱ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን የሚጠቀመው ቀለም ውሃ አይደለም፣ ቶነር ነው፣ ቶነር ደግሞ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዱቄት ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ስለዚህ ጠቆር ተደርጎ የተነሳ ትኩስ ፎቶ ኮፒ ጨርቅ ላይ ገልብጣችሁ በደረቅ በጋለ ካውያ ጫን ስትሉበት ግራጫ መስመር ይተዋል፣ ለመጥለፍ ይበቃል። እርጥብ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ግን ለዚህ አይሆንም። አሪፍ ዘዴ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ጉድ ብቻ አለበት፣ ስዕሉ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፣ እንደ መስታወት።

ይሄን አላወቅኩም ነበር። ፈተና ብዬ መጀመሪያ "በ"ን ሞከርኩ፣ የእህቴ ባል ስም መጀመሪያ ነው። "በ" ግራና ቀኙ አንድ ነው አይደል፣ ተገለበጠ አልተገለበጠ ማን ያውቃል፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ተማምኜ ለሰርጋቸው በሁለት የትራስ ጨርቅ ላይ ትልቅ አድርጌ "ፍቅር" አወጣሁና ሌሊት ሌሊት ጠለፍኩት፣ የሚገርመው ሶስት ሌሊት ሙሉ አልታየኝም፣ እየጠለፉ መስመር ነው የሚታየው ፊደል አይታይም። የሰርጉ ሳምንት እታለም፣ የአጎቴ ሚስት ናት፣ ትራሱን አንስታ ወደ ብርሃን ዘወር አድርጋ አየችና "እሰይ እጅሽ ይባረክ፣ ምን ይላል፣ ዕብራይስጥ ነው?" አለች። መጀመሪያ የቀላሁት እኔ አልነበርኩም እማዬ ናት። ተረተርነው ለሊቱን፣ ግን የመርፌው ቀዳዳ አልጠፋ አለ፣ አሁንም ትራሱን በጀርባው ነው የሚያነጥፉት። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ "ሚረር አድርግልኝ" በሉት፣ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ክሊክ ነው።

መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ ልሞክር ብዬም ነበር፣ አይመከርም፣ ሙቀቱ አንድ ቦታ ይበዛል አንድ ቦታ ያንሳል በዛ ላይ አመድ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ይላል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የስስ ወረቀቱን ነው። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ሲነኳት የምትንኮሻኮሸዋን ወረቀት አትጣሉ። ስዕሉን እሷ ላይ ትስላላችሁ፣ ጨርቁ ላይ በረጃጅም ስፌት ዳር ዳሯን ትይዛላችሁ፣ ከዛ ከነወረቀቱ ትጠልፋላችሁ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ እየቀደዳችሁ ታወጡታላችሁ፣ ክሩ ስር የቀረችውን ቁራጭ በወረንጦ ለቀም ለቀም። ጨርቁ ላይ ምንም ቀለም አልነካም፣ ምንም የሚታጠብ ነገር የለም፣ ጥቁር ጨርቅ ላይም ይሰራል ሹራብ ላይም ይሰራል፣ ካርቦንም መስኮትም እዛ አይገቡም። የተሳካልኝ ፋሲል የዚህ ነው፣ ጥቁር ሻርፕ ላይ በነጭ ክር፣ ማማዎቹ እንቁላል የመሰሉ። ጥርሶቹ ግን አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኑ፣ በእጅ ስትስሉት እንደ ካሬው እኩል አይመጣም።

ህንድ አገር ያሉ ጠላፊዎች ደግሞ ብዙ ቀሚስ ላይ አንድ ስዕል ሲደግሙ ወረቀቱን በመርፌ መስመር መስመሩን ይበሱትና በላምባ የተበጠበጠ ዱቄት በጨርቅ ያሹበታል፣ ነጠብጣብ ሆኖ ያልፋል፣ ወረቀቱ ደጋግሞ ያገለግላል። እኔ በከሰል ዱቄት ሞክሬው ወረቀቱን ሳነሳ ሶፋው ጭምር ጠቆረ። ለአንድ ትራስ አይገባም።

ስለ ክሩ አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ጃኖ የመሰለ ነገር ላድርግ ብዬ ነጭ ላይ ቀይ ክር ጠልፌ መጀመሪያ ሲታጠብ ሙሉው ሮዝ ሆነ። አሁን ቀይ ክር ስገዛ አንድ ክንድ ያህል እቆርጥና አርጥቤ ነጭ ሶፍት ላይ በካውያ እጫነዋለሁ፣ ከለቀቀ ነጭ ጨርቅ አጠገብ አይደርስም። ዲኤምሲ የሚባለውን የጥልፍ ክር ካገኛችሁ አይለቅም፣ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው ስድስት ቀጫጭን ክር አብሮ የተገመደ፣ ለመስመር ሁለቱን ብቻ ነጥላችሁ ለሙሌት ሶስቱን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ስድስቱን አንዴ አታስገቡ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ያሉት ሰፊዎች በዚህ ሁሉ ይስቁብኛል። አንዱ የልብስ ሳሙና ስባሪ ይዞ ቀሚሱ ደረት ላይ መስቀሉን በቀጥታ ይስለዋል፣ ሳይለካ፣ ግራና ቀኙ እኩል፣ ያ ሳሙና ሲታጠብ ራሱ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ ኮምፒውተር ጥልፍ ነው የሚሰራው፣ ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ማሽኑ ላይ ሰክቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ጥሩ ነው፣ እኩል ነው፣ እኔ ግን ጀርባውን ገልብጬ ሳየው ያ ደረቅ ወረቀት የመሰለ ነገር ስለተለጠፈበት ሰውነት ይበላል ብዬ አልወደውም፣ ቅናትም ሊሆን ይችላል።

አዲስ ዓለም ሰፈር ደግሞ አንድ ሸማኔ ጋ ሄጄ "ጋሼ፣ ፋሲልን ጥለት ላይ ማውጣት ይቻላል?" ብዬ ደብተሬን አሳየኋቸው። ደብተሩን አዘቅዝቀው አዩት፣ ጥርሶቹን በጣታቸው ቆጠሩ፣ "ይሄንን እሰራልሻለሁ" አሉ፣ ማማው ላይ ሲደርሱ ሳቁና "ይሄን ደግሞ ወደ መርፌሽ ውሰጂው" አሉኝ።

ውዬ አድሬ ሳስበው መልሱ ይሄው ነበር። አሁን ጭኔ ላይ ያለው እንደዛ ነው፣ ግድግዳውንና ጥርሶቹን በኪሮሽ፣ 40 ካሬ ወርድ፣ በተስተካከለ ቁመት፣ ማማዎቹ ጋ ያለውን ቦታ ክፍት ካሬ አድርጌ ትቼ ድቡልቡሉን በኋላ በስሱ ወረቀት እጠልፈዋለሁ፣ ክፍት ካሬ ላይ ክሩ ይይዝልኛል አይይዝልኝም ገና አላየሁም። ትላንት ማታ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን ወስዳ በእርሳስ ጫፍ ስትከታተል ቆየችና "መስኮቱ አንድ ካሬ ወደ ግራ ሄዷል" አለችኝ። ቆጠርኩት፣ እውነቷን ነው። አራት መስመር ተረተርኩ። አሁን ኪሮሹን እሷ ይዛዋለች አልመልስም ብላ፣ 19ኛው መስመር ላይ ናት፣ እኔ ቁጥር እጠራላታለሁ።